የካንሰር መድኀኒት ምርምርና የጋራው ሚዛን

በገበያ የሚውል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሚዛን የአንድ ነጋዴ ብቻ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። ሻጩ በራሱ ሚዛን መዝኖ ቢሰጥ ገዢው አያምነውም፤ ገዢውም በራሱ መስፈሪያ ለክቶ ቢቀበል ሻጩ ያጉረመርማል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ወገን የመረመረውና ሁለቱም የሚያምኑት ሚዛን ያስፈልጋል። ቡና ላኪዎቻችን ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ቡናቸው በመርማሪዎችና በቀማሾች ፊት ቀርቦ ደረጃው ካልተመሰከረለት በቀር፣ በባሕር ማዶ ያለው ገዢ ቃላቸውን ብቻ አምኖ ገንዘቡን አይልክምና። እንዲህ ያለውን የመመርመሪያ ቤት አቋቁሞ ማስተዳደር ግን ከአንድ ነጋዴ አቅም በላይ ነው፤ አቅሙ ቢኖረውም እንኳ ቤቱ የእርሱ ብቻ ከሆነ ሌላው አያምነውም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ከገበያችን የራቀ ይመስል ይሆናል። ይኸውም የካንሰርን በሽታ በናኖቴክኖሎጂ ለማከም በኅብረት የሚሠሩ የምርምር ማዕከሎች በሕዝብ ገንዘብ ሊደገፉ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ነገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፊው ሞክሮት፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ማዕከሎቹን ዘግቷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሙከራው በጎም ክፉም ተብሏል። የእኛ አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፦ መንግሥት ለምርምር የሚያወጣውን ገንዘብ በቅድሚያ ሊያውለው የሚገባ የጋራ በሆነው ነገር፣ ማለትም በመመርመሪያው ቤትና ልዩ ልዩ ሊቃውንትን በሚያገናኘው ማዕከል ላይ ነው። የድጋፉም ዘመን መለካት ያለበት በባጀት ዓመት ሳይሆን፣ ዕቃው ተሠርቶ ገበያ እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ይህም እንደ እኛ ያሉትን፣ መድኀኒቱን ከውጭ ገዝተው የሚያስመጡ አገሮች በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ስለ ጥበቡ ምንነት ጥቂት እንበል። ናኖ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ድንክ ማለት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚባለው አንድ ሜትር ለአንድ ሺህ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው አንድ እጅ ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት በዚህ ልክ ሲለካ ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ያህል ይደርሳል። የናኖቴክኖሎጂ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር በሚሆን ነገር ላይ ነው። እንዲህ የረቀቀ ነገር ጠባዩ ከትልቁ ይለያል፤ በደም ሥር ውስጥ እንደ ልብ ይዘዋወራል፣ መድኀኒትም በውስጡ ሊሸከም ይችላል።

ለካንሰር የሚሰጠው መድኀኒት አብዛኛው በጠባዩ መርዝ ነው። በፍጥነት የሚባዛውን የበሽታ ሕዋስ ለመግደል የተሰጠው መድኀኒት ጤነኛውንም ሕዋስ ይጎዳል። ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኀኒት በብዙ ዓይነት ካንሰር ላይ ብርቱ ሥራ ሲሠራ የቆየ ነው፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ የበሽተኛውን ልብ የሚያደክም በመሆኑ ሐኪሞች ከተወሰነ ልክ በላይ ሊሰጡት አይደፍሩም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ያሰቡት መድኀኒቱን እንደ ተሰባሪ ዕቃ ጠቅልሎ መላክን ነው። አሌክ ባንግሃም የሚባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1960ዎቹ ዓመታት የስብ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ራሳቸውን ወደ ጥቃቅን ከረጢቶች እንደሚለውጡ ገለጡ፤ እነዚህም ከረጢቶች ሊፖዞም ተባሉ። በ1986 ደግሞ ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ በካንሰር እብጠት ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች እንደ ጤነኛው ያልተጠበቁና የሚያፈስሱ ስለሆኑ፣ ተለቅ ያሉ ቅንጣቶች በዚያ ሾልከው ወጥተው በእብጠቱ ውስጥ እንደሚከማቹ አስረዱ። በኢየሩሳሌም ባሬንሆልትስና ጋቢዞን የተባሉት ሊቃውንት ዶክሶሩቢሲንን በሊፖዞም ጠቅልሎ የመስጠትን ብልሃት ከአሜሪካ የመድኀኒት ሠሪዎች ጋር ደክመውበት፣ ዶክሲል የተባለው መድኀኒት በ1995 ለሽያጭ ተፈቀደ። መጀመሪያ የተፈቀደውም የኤድስ ሕመምተኞችን ለሚይዘው ካፖዚ ሳርኮማ ለሚባለው ካንሰር ነበር።

ነጋዴ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ቆም ብለው ዓመቶቹን እንዲቆጥሩ እንለምናለን። የስቡ ከረጢት ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ መድኀኒቱ በመድኀኒት ቤት እስከ ተገኘበት ጊዜ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል። ቡና የተከለ ገበሬ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመልቀም ሦስት አራት ዓመት መታገሥ ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ለብዙዎች ረጅም ነው። ሠላሳ ዓመት የሚያስጠብቅ ዕቃ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስስ ነጋዴ ግን የትም አይገኝም፤ ባንክም አያበድረውም። ስለዚህ የመንገዱን መጀመሪያ የሚከፍለው መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ እንጂ ገበያው ሊሆን አይችልም። ይህን የምንለው ነጋዴውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የሥራው ጠባይ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ሌላው ችግር ይህ ሥራ በአንድ ሰው ዕውቀት የማይሞላ መሆኑ ነው። ቅንጣቱን የሚሠራው የኬሚስትሪ ሊቅ የካንሰርን ጠባይ አያውቅም፤ የካንሰሩ ሐኪም ቅንጣቱ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም፤ ሁለቱም ቢሆኑ አንዱን ማሰሮ ሙሉ የሠሩትን ነገር በፋብሪካ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ለማውጣት የሚያስፈልገውን የምሕንድስና ሥራ አያውቁም። በየትምህርት ቤቱ ክፍል ተለያይተው ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ገንዘብ ለየብቻ ቢሰጣቸው እያንዳንዱ በየፊናው ጽሑፍ ያወጣል እንጂ ለበሽተኛ የሚደርስ ነገር እምብዛም አይወጣም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በ2004 ያቋቋመው የካንሰር ናኖቴክኖሎጂ ኅብረት ዓላማው ይህን መለያየት ማስቀረት ነበር። ለመጀመሪያው አምስት ዓመት የተመደበለት ገንዘብ 144.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከ2005 ጀምሮ ስምንት ማዕከሎች ተመረጡ፤ ከእነርሱም ውስጥ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የሃርቫርድ የጋራ ማዕከል፣ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የኖርዝዌስተርን፣ የስታንፎርድ፣ የኤሞሪና የጆርጂያ ቴክ፣ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል። ገንዘቡን ለማግኘት የቀረበው ዋና ግዴታ የምሕንድስናውና የሕክምናው ወገን በአንድ ዕቅድ ተባብረው እንዲሠሩ ነበር። በሁለተኛው ዘመን፣ በ2010፣ የማዕከሎቹ ቁጥር ዘጠኝ ሆነ፤ በሦስተኛው ዘመን፣ በ2015፣ ወደ ስድስት ዝቅ አለ። በ2019 ኢንስቲትዩቱ ማዕከሎቹን ዳግመኛ እንደማያድስ አስታወቀ፤ ሦስተኛው ዘመን ሲፈጸምም ሥራው በዚያው ቆመ።

ከማዕከሎቹ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ለነጋዴዎች ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን፣ በ2004 በሜሪላንድ ግዛት በፍሬድሪክ ከተማ የተቋቋመው የናኖቴክኖሎጂ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ነው። ይህን ቤት የካንሰሩ ኢንስቲትዩት ያቋቋመው ከአገሩ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና ከምግብና የመድኀኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ ነው፤ ይህም ማለት የሚለካው፣ የሚፈቅደውና የሚመረምረው ወገን በአንድ ገበታ ተቀመጡ ማለት ነው። አንድ ተመራማሪ ወይም አንድ ትንሽ ኩባንያ የሠራውን ቅንጣት ናሙና ለቤቱ ያቀርባል፤ ተስፋ ያለው ሆኖ ከተመረጠለት፣ መጠኑ፣ ቅርጹ፣ በደም ውስጥ የሚያደርገው ጠባይና በእንስሳት ላይ የሚያሳየው ጉዳት ያለ ክፍያ ይመረመርለታል። ውጤቱም የናሙናው ባለቤት ሀብት ሆኖ ለመድኀኒት ፈቃድ ማመልከቻ ማስረጃ ይሆነዋል።

እንዲህ ያለው ቤት ባይኖር ምን ይሆን እንደ ነበረ ለማሰብ አያስቸግርም። ሠሪው ቅንጣቴ 100 ናኖሜትር ነው ይላል፤ በሌላ መሣሪያ ሲለካ ግን 150 ሆኖ ይገኛል። ቅንጣቴ መርዝነት አለው ብሎ የተስፋ ቆረጠው ሰው፣ ጉዳቱ ከቅንጣቱ ሳይሆን በአሠራር ጉድለት ከገባ የባክቴሪያ ርዝራዥ የመጣ መሆኑን አያውቅም። ወደዚያ ላቦራቶሪ ከተላኩት ናሙናዎች ቍጥራቸው ቀላል የማይባለው በዚህ ዓይነት ርዝራዥ ተበክለው ተገኝተዋል። የታመነ መርማሪ ባይኖር ኖሮ ጥሩው ዕቃ ያለ በደሉ ይጣላል፤ መጥፎውም በወሬ ብቻ ሲሞገስ ይኖራል። ይህ በእህልና በቅመም ገበያ ስናየው የኖርነው ነገር ነው። አውሮፓውያንም ይህን አይተው በ2015 የራሳቸውን ተመሳሳይ የመመርመሪያ ቤት በኅብረት አቋቁመዋል።

አሁን ተቃዋሚዎች የሚሉትን በቅንነት ልናቀርብ ይገባል፤ ክርክራቸው ብርቱ ነውና። በመጀመሪያ፣ ተስፋው ከውጤቱ በለጠ ይላሉ። በ2016 በቶሮንቶ የሚገኙ ተመራማሪዎች ያለፉትን የዐሥር ዓመት ጽሑፎች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በእንስሳት ላይ ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት ውስጥ ወደ ካንሰሩ እብጠት የደረሰው፣ በመካከለኛው ልክ ሲታይ፣ ከመቶ 0.7 ብቻ ሆኖ አገኙት። ከመቶ ጭነት አንዱ እንኳ ሙሉ ሆኖ ካልደረሰ ይህ ምን ንግድ ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሁለተኛም፣ ከማሳቹሴትስና ከሃርቫርድ ሊቃውንት ሥራ የበቀለው ባይንድ ቴራፒዩቲክስ የተባለው ኩባንያ ብዙ ከተወራለት በኋላ በ2016 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ሀብቱንም ፋይዘር በ40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገዛው። ሦስተኛም፣ ሕዝቡ ምርምሩን በግብር ከከፈለ በኋላ መድኀኒቱን እንደገና በውድ ዋጋ ይገዛዋል፤ ይህ አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው ይላሉ።

ለመጀመሪያው የምንመልሰው እንዲህ ነው። 0.7 የሚለው ቍጥር መራራ ቢሆንም፣ ሊታወቅ የቻለው ብዙ ሰዎች በተመሳሳይ መለኪያ ለክተው ስለ ጻፉት ነው። ጭነቱ የት እንደሚቀር ያላወቀ ነጋዴ ኪሣራውን ሊያቆመው አይችልም፤ ያወቀ ግን መንገዱን ይለውጣል። አብዛኛው ቅንጣት በጉበትና በጣፊያ እንደሚያዝ ከታወቀ ወዲህ የሊቃውንቱ ጥረት ወደዚያ ዞሯል። ከዚህም በቀር የናኖ መድኀኒት ጥቅም ሁልጊዜ ብዙ ጭነት ወደ እብጠቱ በማድረስ ብቻ አይደለም። ዶክሲል ዋና ምስጋናውን ያገኘው ልብን ከጉዳት በማዳኑ ነው። በ2005 የተፈቀደው አብራክሴን የተባለው መድኀኒት ደግሞ ፓክሊታክሰልን አልቡሚን ከሚባል የደም ፕሮቲን ጋር አጣብቆ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቀድሞ ለማሟሚያ ያገለግል የነበረውንና በብዙ በሽተኞች ላይ ብርቱ የሰውነት ቍጣ ያስነሣ የነበረውን ዘይት አስቀርቷል።

ስለ ኩባንያው መክሰር የሚነገረውን ነጋዴ ለሆነ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነጋዴ ስለ ከሰረ ገበያው አይዘጋም። እንዲያውም ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ሀብቱን የገዛው ሌላ ነው። መድኀኒትን በስብ ቅንጣት የመጠቅለል ብልሃት ደግሞ ካልታሰበበት በኩል ፍሬ አፍርቷል፤ በ2018 ለአንድ የነርቭ በሽታ የተፈቀደው መድኀኒትና በ2020 መጨረሻ ለኮሮና በሽታ የወጡት የኤም አር ኤን ኤ ክትባቶች የተላኩት በዚህ ዓይነት ቅንጣት ተጠቅልለው ነው። እነዚህ የካንሰር ማዕከሎቹ ሥራ ውጤት ናቸው ማለታችን አይደለም፤ የጋራ ዕውቀት ግን የት በኩል እንደሚያፈራ አስቀድሞ መናገር እንደማይቻል ያሳያሉ። መንግሥት ገንዘቡን በአንድ ኩባንያ ዕድል ላይ ሳይሆን በጋራው ዕውቀት ላይ ማዋል ይገባዋል የምንለውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ግን እውነትነት አለው፤ በዚህም ከተቃዋሚዎች ጋር እንስማማለን። በ1980 የወጣው ባይ ዶል የሚባለው የአሜሪካ ሕግ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተገኘው ፈጠራ የዩኒቨርሲቲው ወይም የትንሹ ኩባንያ ሀብት እንዲሆን ፈቅዷል። ሕጉ ብዙ ፈጠራ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ፋብሪካ እንዲገባ ረድቷል። ነገር ግን የሕዝብ ገንዘብ ያለበት መድኀኒት በአንድ ሠሪ እጅ ብቻ ሲቀር፣ በዋጋም በአቅርቦትም የሚደርሰውን ጉዳት በ2011 የሆነው ነገር በግልጥ አሳይቷል።

በዚያ ዓመት ዶክሲልን በውል ይሠራ የነበረው አንድ ፋብሪካ በአሠራር ጉድለት ምክንያት ሥራውን አቆመ። ሌላ ሠሪ ስላልነበረ መድኀኒቱ ከገበያ ጠፋ፤ ሕክምናቸውን ጀምረው የነበሩ የማኅፀን ዕንቁላል ካንሰር ሕመምተኞችም ስማቸውን አስጽፈው ተራ ለመጠበቅ ተገደዱ። በየካቲት 2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር ከሕንድ አገር ሊፖዶክስ የተባለውን ተመሳሳይ መድኀኒት ለጊዜው እንዲገባ ፈቀደ፤ በየካቲት 2013 ደግሞ ለዚያው ሕንዳዊ ኩባንያ የመጀመሪያውን ተመሳሳይ መድኀኒት የመሸጥ ሙሉ ፈቃድ ሰጠ። በዓለም ላይ ትልቁን የመድኀኒት ገበያ የያዘው አገር እንኳ በአንድ ፋብሪካ መዘጋት እንዲህ ከተቸገረ፣ በገበያው መጨረሻ ተራ የሚቆሙት አገሮች ምን እንደሚደርስባቸው አስመጪዎቻችን ያውቁታል።

የጋራው ሚዛን ጥቅም እጅግ የሚታየውም በዚህ ቦታ ነው። ተራ ክኒን ቢሆን፣ ሁለተኛው ሠሪ ያንኑ ንጥረ ነገር በዚያው መጠን ካስገባ ተመሳሳይ መሆኑን ማስረዳት ይቻለዋል። የናኖ መድኀኒት ግን እንዲህ አይደለም። ያው ስብና ያው መድኀኒት ቢቀላቀሉም፣ የአቀላቀሉ ፍጥነትና ሙቀት ጥቂት ቢለወጥ የቅንጣቱ መጠን ይለወጣል፤ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውም ይለወጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ሠሪ ዕቃዬ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው ለማለት የሚችለው፣ ቅንጣትን የመለኪያው መንገድ ታውቆ፣ ተጽፎና በሁሉ ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ ሲገኝ ነው። ያን መንገድ የሚያወጣ የሕዝብ ቤት ከሌለ መለኪያው የመጀመሪያው ሠሪ ምስጢር ሆኖ ይቀራል፤ ተወዳዳሪ አይገባም፤ ዋጋም አይወርድም። እንግዲህ ለመመርመሪያው ቤት የሚወጣው ገንዘብ በመጨረሻ የሚደርሰው በሩቅ አገር ተኝቶ መድኀኒቱን ለሚጠብቀው በሽተኛ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ወደ ማዕከሎቹ መዘጋት እንመለስ። የኢንስቲትዩቱ ምክንያት፣ ጥበቡ ስላደገ ከእንግዲህ ተመራማሪዎቹ እንደ ማናቸውም ሌሎች በተራው የምርምር ገንዘብ ሊወዳደሩ ይችላሉ የሚል ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ለዘላለም የሚደጎም ነገር ሰነፍ ይሆናል፤ ማንኛውም ድጋፍ የሚያልቅበት ቀን ሊኖረው ይገባል። ሆኖም በተራው ገንዘብ የሚወዳደረው አንድ ሊቅ ለብቻው ነው፤ ኬሚስቱን፣ ሐኪሙንና መሐንዲሱን ያገናኘው ገበታ ግን ለብቻው ሊወዳደር አይችልም፤ ሲበተን ይበተናል። ዕቁብ የጠጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ የመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች ወጥተዋል ተብሎ ማኅበሩ በመካከሉ አይፈርስም፤ ሁሉም ድርሻውን እስኪያገኝ ይጠበቃል። ከቅንጣቱ መገኘት እስከ ፈቃዱ ዐሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በሚፈጅ ሥራ ላይ በአምስት ዓመት ውል መጓዝ፣ ችግኙ ሊያፈራ ሲል ውሃውን እንደ ማቋረጥ ነው። ድጋፉ ቢቀነስ እንኳ በየደረጃው፣ ለሰው ሙከራ የደረሱት ዕቃዎች መንገዳቸውን እስኪጨርሱ ድረስ መሆን ነበረበት።

ይህ ሁሉ እኛን እንዴት ይነካናል? አንዱ ማስረጃ ከገዛ አገራችን ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ግኝቱ ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የተደረገው ምርመራ በውጭ አገር በሚታወቅ ላቦራቶሪና ደንብ ስላልተደገመ ብቻ፣ ሥራው በዓለም ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ ከግኝቱ ቀን ግን ሩብ ምዕት ዓመት አልፎ ነበር። ዕውቀቱ ነበረን፣ ቅጠሉም ፍሬውም በጓሯችን ነበር፤ የጎደለን የታመነ ሚዛን ነበር።

በጎ ምሳሌም አለን። በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ተባብሮ የሥጋ ደዌን ለመመርመር የተጀመረ ነው። ልዩ ልዩ አገሮችና ልዩ ልዩ ሙያዎች በአንድ ቤት ሲሠሩ፣ ቤቱም ከአንድ ዘመን ባጀት በላይ ሲጸና፣ ሥራው ከአንድ በሽታ ወደ ሌላው እየሰፋ የአገር ሀብት እንደሚሆን ይህ ቤት ያስረዳል።

እንግዲህ የንግድ ምክር ቤታችን አባሎች በዚህ ጉዳይ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የካንሰር ናኖቴክኖሎጂ ማዕከል ነገ እናቋቁም ብለን አንመክርም፤ ከአቅም በላይ ማሰብ ማባከን ነው። ሊሆን የሚችለውን ግን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መድኀኒት አስመጪዎች የዕቃውን ጠባይ ዐውቀው እንዲያስመጡ ነው። በሊፖዞም የተጠቀለለው ዶክሶሩቢሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ በረዶ መሆንም አይገባውም። በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በመጋዘን አንድ ቀን ፀሐይ የመታው ጭነት፣ መለያው ሳይነካ ቅንጣቱ ሊበላሽ ይችላል። ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የተከፈለበትን እንዲህ ያለ ዕቃ፣ የጉዞውን ሙቀት መዝግቦ የሚያሳይ መሣሪያ ሳይኖረው መቀበል በበሽተኛው ሕይወት መቀለድ ነው። ተመሳሳይ መድኀኒት ከሚያቀርብ ሠሪ ጋር ሲዋዋሉም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ የቅንጣቱ መጠንና ጠባይ በማን ላቦራቶሪ እንደ ተመረመረ የሚያሳየውን ወረቀት ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ላኪዎቻችንም አስመጪዎቻችንም በአገር ውስጥ ያሉትን የመመርመሪያ ቤቶች የራሳቸው ጉዳይ አድርገው እንዲያዩአቸው ነው። የቡናው፣ የሰሊጡ፣ የመድኀኒቱ ላቦራቶሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይፈልጋል፤ የተማረ ሰው፣ የተስተካከለ መሣሪያ፣ በውጭ አገር ተቀባይነት ያለው ማስረጃ። የመመርመሪያ ቤት ባጀት ሲቀነስ ዝም የሚል ነጋዴ፣ ዕቃው በወደብ ላይ ሲመለስ ቢጮኽ የሚሰማው አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከሆስፒታሎች ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ፣ ድጋፍ የሚሰጠው ለተባበሩት እንዲሆን፣ የድጋፉም ዘመን ከሥራው ርዝመት ጋር እንዲስማማ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘውም ፍሬ በአንድ ሠሪ እጅ ብቻ ታስሮ እንዳይቀር በውሉ እንዲጻፍ ማሳሰብ ነው።

ካንሰር ባለጠጋና ድኻ አይለይም፤ መድኀኒቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይለያል። ይህን ልዩነት የሚያጠብበው ስለ ረቂቁ ጥበብ የሚነገረው ውዳሴ ሳይሆን፣ በጥበቡ የተሠራውን ዕቃ መርምሮ ይህ እውነተኛ ነው፣ ያኛው አይደለም የሚል የታመነ ቤት መኖሩ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሠሪም ወደ ገበያው ለመግባት መቻሉ ነው። እኛም ነጋዴዎች ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ርዳታ ሳይሆን፣ ለገበያ ሚዛን እንደሚከፈል ድርሻ ልንቈጥረው ይገባናል።